አባቴን ያስለቀሰው ካርቱን

ዛሬ አባቴ ካርቱን እያየ አለቀሰ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አሶሳ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። በቀብሯ ቀን እንኳ እንባውን ያየ ሰው አልነበረም።

ከወሎ በሠፈራ መጥቶ ባምባሲ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። አኒሜሽን ሳይ ባገኘኝ ቁጥር "አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምታድጊው?" ይለኛል። (ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ ቆየሁ፤ መልሱን እኔም እየጠበቅኩ ነው።)

ዛሬ ከምሳ በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ሲለው አጠገቤ ተቀመጠ። ፊልሙ ላይ አንድ ሽማግሌ ዝሆን ሚስቱ ሞታበታለች። እሱ ግን በየማለዳው በኩምቢው ውሃ ይዞ እየሄደ፣ እሷ ትተኛበት የነበረው ቦታ ላይ ያፈስላታል።

ዞር ብዬ አባቴን ሳየው ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።

"እኔም እኮ ጧት ስነሳ እስካሁን በስሟ እጠራታለሁ" አለኝ። "ለሰው አልተናገርሁም እንጂ።"

እጁን ይዤ አብሬው አለቀስኩ።

በዚህ መሃል የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ሀሚድ ገቡ። የበርታ ሰው ናቸው፤ ሁለታችንን ሲያዩ ክው አሉ።

"ያ አላህ! ማነው የሞተው?"

"የዝሆኑ ሚስት" አለ አባቴ።

ይስቁብናል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስክሪኑን አዩ፣ አባቴን አዩ፤ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ከጎኑ ተቀመጡ።

"በይ ልጄ፣ ከመጀመሪያ ጀምሪ።"

እናንተስ ቤት "የልጆች ነው" ተብሎ ትልቅ ሰው ያስለቀሰ ፊልም አለ? ስሙን ጻፉልኝ፤ ነገ ሁለት ተመልካቾች ይጠብቁኛል።