ለኡስታ ሉጥፊያ የሚሆን ቦርሳ

ሉጥፊያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እሆናለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ከከሚሴ ተነስታ በመተማ በኩል ካርቱም ስትገባ፣ እንደ አገሯ ልጆች ሁሉ ሰው ቤት ነበር የተቀጠረችው። ቡሪ በሚባል ሰፈር ሐጃ ሁስና የሚባሉ ሱዳናዊት ቤት ብዙ ዓመት ሠራች። እዚያው እያለች ኢሳን አገባች። ኢሳም የወሎ ልጅ ነው። የካህራባ ሥራ፣ የኤሌክትሪኩን ማለት ነው፣ ካርቱም ውስጥ ተምሮ እጁን ያፍታታ፣ ሱዳኖቹ ለባለሙያ በሚሰጡት ማዕረግ «ኡስታ» ብለው የሚጠሩት ሰው ነበር። ሁለቱ ከከተማው ዳር፣ ሶባ ላይ ቤት ተከራይተው ኑሮ ጀመሩ።

ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ በምሥራቅ ወዳለው ገዳሪፍ ሸሹ። እዚያ ኢሳ ሶላር ሊገጥም ጣሪያ ላይ እንደወጣ ቆርቆሮው ከድቶት ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ነፍሱ ተረፈች፣ አጥንቱም ገጠመ፤ መሰላል መውጣት ግን ከዚያ ወዲህ ቀረ። የጀመረውን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠት ደግሞ አልሆንልህ አለው። ስለዚህ ሉጥፊያ ወጣች። እሱ ከታች ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነግራታል፣ እሷ ከላይ ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ሽቦ ከመንካቷ በፊት ትጠይቀው ነበር። እየቆየ ግን ኢሳ አፉን ሳይከፍት እሷ ጨርሳ ትወርድ ጀመር።

ውጊያው በርዶ ካርቱም ሲመለሱ ሥራው ሞልቶ ጠበቃቸው። በየሰፈሩ ዘራፊ ለመዳቡ ሲል ግድግዳውን ቦርቡሮ ሽቦውን የመዘዘው ቤት ነው። ወንዶቻቸው ገና ያልተመለሱላቸው ሴቶችም፣ የማያውቁትን ወንድ ጓዳቸው ከሚያስገቡ ሉጥፊያ ብትመጣላቸው ይመርጡ ነበር። አንዷ ለሌላዋ እየነገረች ስሟ ወጣ። የሚኒባሱ ማንገላታት የኢሳን ዳሌ ስለሚያሳምመው፣ ብቻዋን ወጥታ መሥራት ለመደች።

መሣሪያዋን የምትይዘው በሩዝ ጆንያ ነበር። ኢሳ ድሮ ይይዘው የነበረው የብረት ሳጥን ባዶውን እንኳ ትከሻ ይቆርጣል፤ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቷ ላይ ስታስቀምጠው ደግሞ ማዕዘኑ ጎረቤቷን እየወጋ ያጣላታል። ጆንያው ቀላል ነው፣ የትም ይገባል። ችግሩ ፒንሳ ስትፈልግ መዶሻው ይወጣል፣ ካቻቪቴ ስትፈልግ የሽቦ ቁራጭ። መሰላል ላይ ሆና እጇን ጆንያ ውስጥ ከትታ ስትዳብስ የሚያያት ሰው ዶሮ የምትይዝ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን የሐጃ ሁስናን ቤት ሽቦ እንደገና ልትዘረጋ ቡሪ ሄደች። ወጥ ቤቱ ጋ ስትደርስ የቤቱን ብሬከር አጠፋች። ከግድግዳው አንድ ሽቦ ወጥቶ ነበርና ወንበር ላይ ቆማ በቴስተሯ ነካችው። ቴስተር ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ካለ መብራት የሚያበራ ትንሽ መሣሪያ ነው። አልበራም። እሷም አምናው ሽቦውን ያዘች። ከወንበሩ ላይ አስፈንጥሮ ጣላት። ለካ ያ ሽቦ ሐጃ ሁስና በጦርነቱ ሸሽተው በሌሉበት ጊዜ ከጎረቤት ቤት የተሳበ ኖሯል። ቴስተሩ ደግሞ ጆንያ ውስጥ በመዶሻው ተጨፍልቆ ውስጡ ተሰብሯል።

ክንዷ ደንዝዞ ከመዋሉ በቀር ክፉ አላገኛትም። ሐጃ ሁስና እግራቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እስክትረጋጋ ድረስ ቁርኣን ሲቀሩባት ቆዩ። ከዚያ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጥተው ወደ ቤቷ ሰደዷት።

ኢሳ የሆነውን ሲሰማ ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈና ቴስተሩን አንስቶ አገላበጠው።

«ነገ ሥራ የለም» አላት። «ነገ ቦርሳ ነው የምንገዛው፣ ኢንሻአላህ።»

በማግሥቱ ዳሌውን እያመመውም ቢሆን አብሯት ተሳፈረ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በቅርቡ የተከፈተ የመሣሪያ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ገና ሲገቡ ወንበር ያቀረበው ለኢሳ ነው። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ኢሳን ጠየቀ፤ ቦርሳዎቹንም እያወረደ ኢሳ ፊት ደረደረ። ሉጥፊያ ባሏን አጅባ የመጣች መስላ ጎን ቆመች።

ባዶ ቦርሳ አንስታ ልትገዛ ግን አልፈለገችም። መሣሪያዋን እንዳለ በጆንያው ይዛ መጥታ ነበርና፣ ባለሱቁን አስፈቅዳ አንድ በአንድ እየሞላች ትሞክር ገባች። መጀመሪያ ጎማ ያለውን ሞላችው። በሱቁ ወለል ላይ እንደ መኪና ሄደ። ነገር ግን የሶባን አሸዋ አሰበችና መለሰችው። በጀርባ የሚታዘለው ለሚኒባስ ተመቻት፤ ሆኖም አንዲት ፒንሳ ለማውጣት በየጊዜው ማውረድና ማስተኛት ሊኖርባት ነው። ትልቁና ጥቁሩ ኢሳን ማርኮት ነበር። ድሪሉን፣ መዶሻውን፣ መሮውን፣ የሽቦ ጥቅሉን ሁሉ ዋጠው። ልታነሳው ስትሞክር ግን ወገቧ እንቢ አለ። ጥቁር ቦርሳ ጣሪያ ላይ በካርቱም ፀሐይ ቢውል ውስጡ ያለው የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር ቀልጦ እንደሚጣበቅም ለኢሳ አስረዳችው። እሱም ቦርሳውን ለባለሱቁ መለሰለት።

በመጨረሻ አንድ የአሸዋ ቀለም ያለው፣ መካከለኛ ቦርሳ ከላይኛው መደርደሪያ አስወረደች። ታቹ ጠንካራ ጎማ ነው፤ የትም ብታስቀምጠው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አፉ ሰፊ ነው፣ ሲከፈት ተከፍቶ ይቀራል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማንገቻው ሰፋ ያለ ነው፣ ትከሻ አይቆርጥም። ከሁሉም በላይ ግን ዓይኗ የገባው ጎኑ ላይ ያለች፣ ስፖንጅ የተደረገባት አንዲት ኪስ ናት። በዚያው የሚገዙትን አዲስ ቴስተር እዚያ ብታደርገው መዶሻው አያገኘውም።

ባለሱቁ ሳቅ ብሎ ወደ ኢሳ ዞረ። ይቺ ላንተ ታንስሃለች፣ ትልቋን ውሰድ አለው።

ኢሳ ምርኩዙን ተደግፎ ከወንበሩ ተነሳ።

«ለእኔ አይደለም» አለው። «እኔ ሥራ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ኡስታዋ እሷ ናት።»

ሉጥፊያ ሰዎች ሲያመሰግኗት ሰምታ ታውቃለች። ይህን ቃል ግን ከኢሳ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ጎንበስ ብላ የቦርሳውን ዚፕ ትከፍት ትዘጋ ጀመር። ባለሱቁ ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በአረብኛው አጠራር፣ «ያ ኡስታ፣ እስቲ ማንገቻውን በልክሽ ላስተካክልልሽ» አለና መቆለፊያውን እየሳበ ያሳጥርላት ገባ። ዋጋው ላይ ግን የተከራከረው ኢሳ ነው፤ በዚያ ማንም አይችለውም።

የሐጃ ሁስናን ቤት በዚያው ሳምንት ጨረሰች። ከጎረቤት የተሳበውን ሽቦ ከነሥሩ ነቀለችው። የወጥ ቤቱ መብራት ሲበራ ሐጃ ሁስና የመጀመሪያ ሥራቸው ቲማቲም መክተፍ ሆነ፤ ሳትበላም አልለቀቋትም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን የሚያዘጋጀው ኢሳ ነው። ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ቴስተሩን በአምፖል ሞክሮ ባለስፖንጇ ኪስ ውስጥ ይከታል፣ ካቻቪቴዎቹን በቁመታቸው ይደረድራል፣ ፒንሳውን በስተቀኝ በኩል ያደርግና «ያላ፣ ሂጂ እንግዲህ» ብሎ ትከሻዋ ላይ ያደርግላታል። ሉጥፊያ ግራኝ ናት። ሚኒባሱ ከሶባ እንደወጣ ቦርሳውን ጉልበቷ ላይ ትከፍትና ፒንሳውን ወደ ግራ ታዛውረዋለች። ለኢሳ አልነገረችውም፣ ልትነግረውም አታስብም።