ወባ ነው አልን

በደርግ ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከግንባር ቆስሎ ከተመለሰ በኋላ ሁለት ጊዜ መኖር አስጠልቶት ነበር። ሁለተኛው ካለፈለት በኋላ፣ ደህና በነበረበት ሰሞን፣ እናቴንና እኔን ከየካ ቤታችን በላይ ወዳለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይዞን ወጣ። የቤታችን ግድግዳ ስስ ስለነበር ጎረቤት ይሰማል። "ተመልሶ ይመጣል" አለን፣ ስለ ክረምት የሚያወራ ይመስል። "ሲመጣ ደግሞ እኔ ማሰብ አልችልም። አሁን አብረን እናስብበት።"

በሦስት ነገር ተስማማን። ሞት ሲያሰኘው ሳይደብቅ ሊነግረን፤ እኛ "ምን ጎደለህ?" ብለን ላንሞግተው፤ ቤት ውስጥ አንድም ኪኒን እንዳይኖር። እናቴ አንድ ብቻ ጨመረች፤ "ለሰው ግን አንናገርም።" እኔም ልክ ናት አልኩ። ቀበሌው "መኖር አልፈልግም" የሚል ወታደር ቢሰማ ምን ስም እንደሚያወጣለት ማን ያውቃል? ሰፈሩስ ቢሆን በዘራቸው እብደት አለ ማለቱ ይቀራል?

ጥቅምት ላይ ተመለሰበት። ወንድሜ ቃሉን ጠበቀ፤ ጠዋት አልጋው ላይ እንዳለ "መጥቷል" አለኝ። የእናቴን የራስ ምታት መድኃኒት ሳይቀር ሰብስቤ ሽንት ቤት ጣልኩ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ ሲቀር ግን ተጠየቅን፤ እናቴም "ወባ ነው፣ ከግንባር ያመጣው" አለች።

ከዚያማ ሰፈሩ ጎረፈ። በእኛ ሰፈር የታመመን ሰው አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ባዶ እጅን መምጣትም እንደዚያው። ሁሉም የወባ ሐኪም ሆነ። አንዷ ፌጦ፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ይዛ መጣች። ልጆቻቸው ከግንባር የተመለሱላቸው ደግሞ የተረፈውን ኪኒን በመሐረብ ቋጥረው አመጡ። "ይዋጥለት፣ ልጄን ያዳነው ይኸው ነው" ይላሉ። ምን ልበል? አመስግኜ ተቀብዬ ጓሮ ዞሬ እጥላለሁ። ደግነታቸው አንገበገበኝ። ወንድሜ ለእያንዳንዳቸው ቀና እያለ "ተሽሎኛል" ማለት ነበረበት። ሲወጡ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቦኖ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ጠራኝ። ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተጨብጦ ነበር።

"ጎረቤታችን ሴትዮዋ እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ" አለ። "ልሰጥሽ ነው የጠራሁሽ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። አንቺ ክፈቺው።"

ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው። አልታገለኝም፣ አልረዳኝምም። ሁለታችንም እናለቅስ ነበር። ኪኒኖቹን ከወሰድኩበት በኋላም እጁን ለቅቄ መነሳት ፈራሁ። ነገ ሌላ ጠያቂ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰው ነኝ።

እናቴ ስትገባ ነገርኳት። በማግስቱ ሴትዮዋ "ትኩሳቱ በረደለት?" እያሉ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ ወባ አይደለም። ልጄ መኖር አስጠልቶታል። እባክዎ መድኃኒት አያምጡለት።"

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አደረጉ። ይቆጣሉ፣ ወይም ይሸሻሉ ብዬ ጠበቅኩ።

"ታዲያ ምን ይዤ ልምጣለት?" አሉ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም በርጩማ አንስቼ ከወንድሜ አልጋ አጠገብ አስቀመጥኩላቸው።