በራሴ ላይ የተሸከምኩት ግራናይት

እኔ ፈሪ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። «ፈሪ ለእናቱ» ሲባል እናቴ ከልቧ «አሜን» ትል ነበር። ሥራዬ የተሰነጠቀና የተሸራረፈ የወጥ ቤት ግራናይት መጠገን ነው። እዚህ ሥራ ውስጥ ምን የሚያስፈራ ነገር አለ ትሉኝ ይሆናል። ቆዩማ፣ ልንገራችሁ።

ላስታ ተወልጄ፣ ጢሜ ሳያቀመቅም አዲስ አበባ ገብቼ እዚያው ሙያ ለመድኩ። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ላሊበላ ላይ ሆቴል እንደ አሸን ይፈላ ጀመር። «አገርህ ላይ ሥራ ሞልቶ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ቢሉኝ ዕቃዬን ሸክፌ ተመለስኩ። ከሁሉ በፊት ሥራ የሰጡኝ አንዲት ባለ ሆቴል ነበሩ፤ ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደ ሰዉ እትዬ አልኳቸው። ቁጣቸው የታወቀ ነው።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል እትዬ አስጠሩኝ። ከወጥ ቤታቸው ጥቁር ግራናይት ላይ ከሲንኩ ፊት ያለችው ቁራጭ ተሰብራለች። ግራናይት የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው፤ ለሲንኩ ተቆርጦ ሲወጣለት ከፊት ለፊቱ እንደ ድልድይ የምትዘረጋ ቀጭን ነገር ትቀራለች። ጾሙ ሳይገባ ወጥ ሠሪዋ አጥንት ስትከሰክስባት ከረመች፤ ከረመችና አንድ ቀን ድልድዪቱ ብትንትኗ ወጣ። ስንጥቅ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ማስቲሽ የሚባለውን የድንጋይ ማጣበቂያ ከማድረቂያው ጋር ደባልቄ፣ ጥቁር ዱቄት ጨምሬ ስንጥቁን እሞላውና ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እያልኩ አሸዋለሁ፤ ያኔ የት ጋ እንደነበር ለእኔም ይጠፋኛል። የተበታተነ ግን አይሞላም። ተመሳሳይ ድንጋይ ተቆርጦ መግባት አለበት፤ ያ ድንጋይ ደግሞ ላሊበላ ውስጥ የለም።

ብልባላ በኩል የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራ ሰው ዘንድ ያው ጥቁር ግራናይት ቁራጭ መትረፉን ሰማሁ። እትዬ «ሂድና አምጣ» አሉ። የገና እንግዶቻቸው መጥተው ወጥ ቤቱ ፈርሶ ቢያገኙት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው እንደሚሻል ነገሩኝ። ስወጣ ለበዓል ገበታ የሚያነጥፉትን ነጭ ጨርቅ ሰጡኝ፤ ዙሪያው በወርቅማ ክር የተጠለፈ ነው። «በዚህ ጠቅልለው። ፊቱ ቢጫር ወዮልህ!» አሉኝ። ከድንጋዩ ይልቅ ለጨርቁ አዘንኩ።

ሄድኩ፣ አገኘሁት፤ ርዝመቱ ክንድ፣ ወርዱ ሁለት ስንዝር ይሆናል። እዚያ ልቁረጠው ብል መብራት የለም፤ እንዳለ ጠቀለልኩት። ስመለስ የተሳፈርኩበት አይሱዙ ግማሽ መንገድ ላይ አክስሉ ተሰብሮ ቆመ። ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ተኛ፣ ከዚያ የሚነሣም አይመስልም ነበር። እኔ ደግሞ እትዬ ፊቴ ድቅን አሉብኝ። አቋራጩን አውቀዋለሁ ብዬ በእግሬ ቀጠልኩ።

ጀርባዬ ላይ በገመድ ባዝለው ገመዱ ትከሻዬን በላኝ። ደረቴ ላይ ባቅፈው መንገዱን ጋረደኝና ልወድቅ ነበር። ጠርዙ አንዴ ከተሸረፈ ደግሞ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ። በመጨረሻ ነጠላዬን ጠምጥሜ ራሴ ላይ አደረግኩና ድንጋዩን ከነጨርቁ ጫንኩበት። ተስማማኝ። በሁለት እጄ ጠርዙን ይዤ፣ የጨርቁ ዘርፍ ግንባሬ ላይ እየተንጠለጠለ፣ ቀስ እያልኩ መንገዴን ያዝኩ።

ከተማ ስንቱን ያስረሳል! በእኛ አገር ሴት እንስራዋን ታዝላለች፣ ወንድ በትከሻው ይሸከማል። በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ በወንድ ራስ ላይ የሚሄድ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ታቦት ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከቆላው ወገን ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ታቦት ተሰርቆ አገሩ ሁሉ አዝኗል። እኔ ይህን አልሰማሁም። ሲሚንቶ ሲያቦካ የሚውል ሰው ምን ይሰማል?

አንዲት አሮጊት ከጓሯቸው ብቅ አሉና ሲያዩኝ መሬት ላይ ተደፉ። አፈሩን ስመው ቀና ሳይሉ፣ «የኔ ጌታ፣ ማን ናቸው የሚያልፉት?» አሉኝ።

«ማንም አይደለም እማ። ድንጋይ ነው» አልኳቸው።

«ምን አልክ?»

«ድንጋይ! ጥቁር ድንጋይ፤ ለሆቴል።»

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተነሡ። ዙሪያዬን አዩ፤ ካህን የለም፣ ጥላ የለም፣ ቃጭል የለም፣ ጫማዬ እግሬ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሰሙት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ኧረ ያገር ያለህ! ታቦት ሊሸጡ ነው! ያገር ያለህ!»

አውድማ ላይ ገብስ ሲወቁ የነበሩ ወንዶች መንሻቸውንና ዱላቸውን እንደያዙ ደረሱ። አንድ ሚሊሻም ጠመንጃውን እያቀባበለ መጣ። ዕቃ መያዣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ መንጥቆ ዘረገፈው፤ መሮ፣ መዶሻ፣ የድንጋይ መቁረጫ ፍሌክስ፣ ሁለት ቆርቆሮ፣ ጥቁር ዱቄት። አንዱን ቆርቆሮ ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማጣበቂያ ነው።»

«ምን ልታጣብቅበት?»

«የተሰበረ ድንጋይ» አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት የመጣልኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«ሰብረዋቸዋል!» አለ አንዱ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። «ወይኔ! ወይኔ! ሰብረዋቸዋል!»

«ኧረ ፍቱና እዩት! በማርያም፣ ፍቱት!» አልኩ። ባሰብኝ። ማን ይፈታዋል? ታቦት ከሆነ ያየው ምእመን ይቀሰፋል። ካልተፈታ ደግሞ ታቦት አለመሆኑ አይታወቅም። ላውርደው ብዬ እጄን ባንቀሳቅስ ሚሊሻው አፈ ሙዙን ደረቴ ላይ አደረገው። «ሞክራታ! መሬት ከነኩ እዚችው ትቀራለህ» አለኝ። ቄሱ ፍትሐት ሄደዋል፤ ሰው ይላክባቸዋል፤ እሳቸው እስኪመጡ እንደ ተሸከምኩ እቆማለሁ። ፍርዱ ይህ ሆነ።

ቆምኩ። አንገቴ እንደ ቆላ እሳት ነደደ፣ ከዚያ በድን ሆነ፣ ከዚያ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ እጄን አንሥቼ እንዳልጠርግ እፈራለሁ። ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ «እግሩን ልበለው» ሲል ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ጮኹበት፤ «ተው አንተ! ይወድቃሉ!»

ያኔ ገባኝ። ያ የተረገመ ድንጋይ አንገቴን ሊሰብር የደረሰውን ያህል ነፍሴንም የያዘልኝ እሱ ነው። ራሴ ላይ እስካለ ድረስ ማንም አይነካኝም። የወረደ ዕለት ግን መንሹም፣ ዱላውም፣ ጠመንጃውም አለ። እንዳይወድቅ ጸለይኩ፤ እንዳይወርድም ጸለይኩ። ሱሪዬ ረጥቧል። ላብ ነው ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቄሱ መጡ። ሸምገል ያሉ፣ በበቅሎ ናቸው፤ የበቅሎዋን ልጓም አንድ ሰው ይስብላቸዋል። ወርደው በመቋሚያቸው እየተደገፉ አጠገቤ ቆሙ። ሕዝቡ በግንባሩ ተደፋ፤ ሚሊሻውም ጭምር።

«ስጠኝ ልጄ» አሉኝ።

የድንጋዩን ጠርዝ ይበልጥ ጨበጥኩ። «አባ፣ አይውሰዱብኝ። ይገድሉኛል» አልኳቸው፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። «የወጥ ቤት ድንጋይ ነው አባ። ግራናይት ነው። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም።»

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። «ስጠኝ» አሉ ደግመው፣ አሁን በሹክሹክታ። ሰጠኋቸው። ይዘውት አጠገባችን ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ገቡና በሩን ዘጉ።

ያ በር ተዘግቶ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ራሴ ቀሎኛል፤ ቅለቱ ነው የገደለኝ። ሰዉ አንድ በአንድ ቀና እያለ ዙሪያዬን ጠበበ። የጎረምሳው ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ጨርቁን መፍታት እንዴት ይህን ያህል ይፈጃል? አንድ እይታ አይበቃም? ይህ ቄስ ምን እያደረገ ነው? እያልኩ በልቤ ሰደብኳቸው። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

«ድንጋይ ነው» አሉ። «ልጁን ልቀቁት።»

«አባ፣ አጥርተው አይተዋል?» አለ ሚሊሻው።

«ክህነቴ ምስክሬ ነው። ድንጋይ ነው አልኳችሁ!» ድምፃቸው ተሰበረ። በድካም መሰለኝ።

ወዲያው የዱላው አገር የዘመድ አገር ሆነ። ጎረምሳው ቦርሳዬን እያራገፈ መለሰልኝ። አሮጊቷ ጉልበቴን ሊስሙ ጎነበሱ፤ ቆሎ በእቅፌ ሙሉ ሰጡኝ። «እደር፣ መሽቷል» አሉኝ። እኔ ግን እዚያ መንደር ለአንድ ደቂቃ መቆየት አልሆነልኝም። ድንጋዩን አህያ ላይ ጭነው ሸኙኝ፤ የሸኘኝ ሰውዬ መንሹን ትከሻው ላይ አድርጎ ስለ ገብሱ ምርት ሲያወራኝ መጣ። እኔ መንሹን ብቻ ነበር የማየው።

ሆቴሉ ስደርስ እትዬ ከሁሉ በፊት ጨርቃቸውን አዩ። «ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያላበው?» አሉኝ። ድንጋዩን ቆረጥኩና ገጠምኩት። ማስቲሹን ሳቦካ ሐሳቤ እዚያ መንደር ስለነበር ማድረቂያው በዝቶ ቆርቆሮው ውስጥ ደረቀብኝና እንደገና አቦካሁ። መጋጠሚያው ግን አማረ፤ ከፀጉር አይወፍርም ነበር። ለገና እንግዳው ጎረፈ፣ እትዬም ተረጋጉ። እኔ ግን ሰው ከኋላዬ ድንገት ሲስቅ እንኳ እደነግጥ ነበር።

ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ሲቀር ሌላ ነገር ልጠግን እዚያው ወጥ ቤት ተጎንብሼ ሳለ አንድ ሰው ከበሩ ላይ «ያ ግራናይት ሠሪ አለ?» ሲል ሰማሁ። ዘወር ብል ቄሱ ናቸው። አንዲት ጎልማሳ ሴት እጃቸውን ይዛለች፤ ልጃቸው ነች። ነገሩ እንደገና ተነሣ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ያ ድንጋይ የታለ? ውሰደኝ» አሉ።

ድንጋዩ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊት ለፊታቸው ነበር። ዓይናቸውን አየሁ። እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ሸፍኖታል፤ እኔ ላይ አያርፍም፣ ድንጋዩ ላይም አያርፍም። እጃቸውን ይዤ አስነካኋቸው። በጥፍራቸው መጋጠሚያውን ፈልገው አገኙት። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጃቸውን በሥሩ አስገቡ።

«ይሄ ነው» አሉ። «ይሄ መስመር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ምንድን ነው?»

«የመጋዝ ምልክት ነው አባ። ከታች በኩል አይለሰልስም፤ ፋብሪካው እንደቆረጠው ይቀራል።»

«ሁሉም ላይ አለ?»

«ሁሉም ላይ አለ።»

አላመኑኝም። ከሲንኩ ጀምረው እስከ ግድግዳው፣ ከሥሩ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ወጥ ሠሪዋ ሽንኩርቷን ይዛ ገለል አለችላቸው። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ተቀመጡ፤ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ነው የተቀመጡት።

«ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል» አሉ። «መንደሩ አያውቅም፤ ቅዳሴውን በቃሌ ነው የምወጣው። ያን ቀን ዳሰስኳቸው... ድንጋይህን ማለቴ ነው። ፊቱ ልሙጥ፣ ጀርባው መስመር መስመር። ጽሕፈት ነው፣ አይደለም? መስቀል ነው፣ አይደለም? አላወቅኩም። ከበሩ ውጭ የአንተን ልቅሶ እሰማለሁ። ሳላውቅ በክህነቴ ምያለሁና ከዚያን ቀን ወዲህ መቅደስ አልገባሁም። ገናን ሌላ ቄስ ተጠርቶ ሲቀድስ ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። ታመምኩ አልኳቸው።»

ከፊታቸው ቁጢጥ አልኩ። «ታዲያ እንዴት ድንጋይ ነው አሉ አባ? ታቦት ቢሆንስ ኖሮ?»

«ታቦት ቢሆን ኖሮ የምጠፋው እኔ ነበርኩ» አሉ። «አንተማ እናት አለህ።»