ነፋስ የፈራ ኮሌጅ

ኮሌጃችን የነበረበት ሕንፃ ዛሬ ፈርሷል። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ፒያሳ ስንወርድ በስተግራ ነበር፤ ከሥሩ ወርቅ ቤቶችና አንድ ኬክ ቤት፣ ከላይ ሁለት ፎቅ ሙሉ የእኛ ተማሪዎች። ሲፈርስ የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶውን እየለጠፉ «ወይ ትዝታ!» ሲሉ አየሁ። እኔ ምንም አልለጠፍኩም። እነዚያን ቁመታቸው ከሰው የሚበልጥ የእንጨት መስኮቶች ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ኮሮና ገብቶ ትምህርት ሁሉ ከተዘጋ ከወራት በኋላ «በጥንቃቄ ክፈቱ» ተባለ። ዲኑ መምህራኑን ሰብስቦ የጥንቃቄ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ወደ ማስተማር ከመግባቴ በፊት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ እንደነበርኩ የማያውቅ ስላልነበረ፣ የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ዐረፈ። «ሹመት ያዳብር!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ከመጀመሪያው ስብሰባ ቀርቶ በሁለተኛው ሥራ ለቀቀ። ሌላዋ የምትመጣው ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ ይመስለኛል። እንግዲህ ኮሚቴው እኔ ነበርኩ።

በር ላይ ሮቶ አስቀመጥን፣ ሳሙና በገመድ አንጠለጠልን፣ ለዘበኛው የሙቀት መለኪያ ሰጠነው። ዘበኛው መለኪያውን በያንዳንዱ ሰው የእጅ አንጓ ላይ እየደገነ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። በጠዋቱ ብርድ መሣሪያው ሁሉንም ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ በእሱ ንባብ ከሄድን ግማሹ ኮሌጅ ሬሳ ነበር። «በዚህ ሙቀት እኮ ሰው አይኖርም» ስለው፣ «ታዲያ ትኩሳት የለባቸውማ፤ ይግቡ!» አለኝ።

ማስክ የሌለው አይገባም ብለንም ለጥፈን ነበር። ልጆቹ ግን የአራዳ ልጆች ናቸው። አንዱ ማስክ አድርጎ ይገባና ያንኑ ማስክ ጠጠር ቋጥሮበት በደረጃው መስኮት ለጓደኛው ይወረውርለታል። ጓደኛው እሱን አድርጎ ይገባና ለሦስተኛው ይወረውራል። በአንድ ማስክ ስንት ሰው እንደሚገባ ቆሜ አይቻለሁ፤ መጨረሻ ላይ ማስኩ የሁሉንም አፍ ቀምሶ እርጥብ ሆኖ ነበር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰው በገዛ ፈቃዱ መስኮት ሲከፍት ያየሁት ለዚህ ሥራ ብቻ ነው።

ምክንያቱም ኮሮናን የሚፈራው ጥቂት ነበር፤ ነፋስን የማይፈራ ግን አንድም አልነበረም። እኔም ያደግኩት በዚሁ ስለሆነ አልፈርድም። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ከኋላ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አንገት የሚያጣምም ነፋስ ነው፣ ወገብ የሚይዝ ነፋስ ነው፣ በላብ ላይ ከመታማ አለቀ። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ይህን ከሰው ልብ ልነቅል ስሞክር ኖሬ አልተነቀለም። ኮሮና ሲመጣ ጭራሽ ባሰ። «የሳንባ በሽታ ነው» ሲባል፣ ሳንባውን ሊያድን ሁሉም መስኮቱን ጠረቀመ። በሽታው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ እንደሚሄድ፣ ከሳሙናውም ከመለኪያውም ይልቅ የተከፈተ መስኮት እንደሚያድን ተናገርኩ፣ ለጠፍኩ፣ ለመንኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ። ጠዋት ጠዋት በየክፍሉ እየዞርኩ እከፍታለሁ፤ ቢሮዬ ሳልደርስ ከኋላዬ ጧ፣ ጧ ሲል እሰማለሁ። ከዚያ ክፍሉ በነጭ ሽንኩርትና በፌጦ ሽታ ይታፈናል፤ መድኃኒት ብለው የሚያኝኩትን ማለቴ ነው።

ይህ ሁሉ ንዴት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር፣ አንድ ሰው ባይኖሩበት ኖሮ።

ሒሳብ አያያዝ የሚያስተምሩ ሽማግሌ መምህር ነበሩን። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ስኳርም አስምም ነበረባቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እኔንም የማታ ተማሪ ሳለሁ አስተምረውኛል፤ ፈተና ላይ ሒሳቡ አልገጥም ብሎኝ ሳለቅስ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ሒሳብ አይዋሽም፣ አንቺ ቸኩለሽ ነው» ያሉኝ ሰው ናቸው። ዲኑ ዕድሜያቸው የገፋ መምህራን ለጊዜው ቤት ይቀመጡ ሲል «ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ላስተምር?» አሉና በማግሥቱ ከረባታቸውን አስረው መጡ።

ያን ሰሞን ባለቤታቸው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ቤት ባስቀምጠው በብስጭት ይሞትብኛል፤ ቢሄድ ደግሞ በሽታውን እፈራለሁ። አንቺ እዚያ አለሽ። አደራሽን፣ እሱን ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮሌጁን የምጠብቀው ለስሙ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የምጠብቀው እሳቸውን ነው።

ሰፊውን፣ በመንገዱ በኩል አራት መስኮት ያለውን ክፍል ሰጠኋቸው። ተማሪዎቻቸውን ለሁለት ከፍዬ በፈረቃ አደረግኩ። ወንበራቸውንም ከልጆቹ አርቄ መስኮቱ አጠገብ አኖርኩ። መስኮቶቹ ግን ሁልጊዜ ዝግ ናቸው።

«ጋሼ፣ መስኮቱ ይከፈት እንጂ።»

«ልጄ፣ ይሄ የኅዳር ነፋስ ነው፤ ይጨርሰኛል።»

«የሚጨርስዎት የተዘጋው ነው፣ ጋሼ።»

«አየር እንደሆነ ሞልቷል። ይኸው እየተነፈስኩ አይደል?»

ልጆቹ ይስቃሉ። አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ ኧረ ሼባውን ነፋስ አያስመቷቸው!» ይላል። እከፍታለሁ። ጋሼ ፊቴ መስኮት አይዘጉም፤ ይሉኝታቸው አይፈቅድም። ባለቤታቸው የጠመጠሙላቸውን ሻርፕ ወደ አፍንጫቸው ሳብ አድርገው እስክወጣ ይጠብቃሉ። ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ሳያዝዙት የሚነሣ ልጅ አይጠፋም። ሽማግሌ ብርድ ላይ ማስቀመጥ ነውር ነዋ! እንዲህ ያለ ነውር ከየት አባቱ እንደሚመጣ እያሰብኩ ጥርሴን ነክሼ ደረጃውን እወርዳለሁ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ በሽታ ያባርራል ብሎ ሲያጥን፣ ለጭሱ ደግሞ የቀሩትም መስኮቶች ተዘጉ። በማግሥቱ አናጺ አስጠራሁ። የጋሼን ክፍል መስኮቶች እንደተከፈቱ በሚስማር አስመታኋቸው። ለዲኑ ስነግረው ፈገግ ብሎ «አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። ይህ በቢሮ ቋንቋ ነገር ከመጣ አንቺ ትጠየቂያለሽ ማለት ነው። ከቀትር በፊት ስም ወጥቶልኝ ነበር፤ «ወይዘሮ ነፋስ» የሚል በሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ አገኘሁ። ይጻፉ። ልጆቹ ጋቢና ብርድ ልብስ ይዘው ይመጡ ጀመር። ከመንገድ የታክሲ ረዳቶች «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» ሲሉ ከኋላ የተቀመጡት «ሞልቷል!» እያሉ ይመልሱላቸዋል። ጋሼም ጩኸቱን ሊያሸንፉ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያስላቸዋል።

አንድ ቀን ቢሮዬ መጡ። ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም። «ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ፤ «ግን ልጄ፣ ገላዬ አልቻለም።»

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ አደራ ብለውኛል። ይለምዱታል።»

«እሷማ ቢሆንላት ሌላ ሻርፕ ነበር የምትጨምርልኝ» ብለው ሳቁና ወጡ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ፤ ማንም አላጉረመረመም። በክፍሉ ሳልፍ መስኮቶቹ እንደተመቱ አሉ፣ ወንበሮቹም ተርቀው ተደርድረዋል፣ ሰው ግን የለም። ዘበኛውን ስጠይቀው «ዛሬ ክላስ የላቸውም መሰለኝ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ጠዋት ማኪያቶ ልጠጣ ወደ ኬክ ቤቱ ወረድኩ። ባንኮኒው ጋ ቆሜ ስጠብቅ ከኋላ፣ ኬኩ ከሚጋገርበት ክፍል፣ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ «ዴቢት በግራ! ክሬዲት በቀኝ!»

መጋረጃውን ገለጥኩ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ምድጃው ይነድዳል። ተማሪዎቹ በዱቄት ጆንያና በለስላሳ ሳጥን ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል፤ ማስኩ ሁሉ አገጭ ላይ ነው። በሁለት ፈረቃ የከፈልኳቸው በአንድ ላይ ተሰብስበዋል። ጋሼ ደግሞ ምድጃው አጠገብ፣ በጉልበታቸው ላይ ጋቢ፣ በእጃቸው የዝንጅብል ሻይ ይዘው፣ ፊታቸው በሙቀቱ ወዝቶ ተቀምጠዋል፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

«ልትገድሏቸው ነው እንዴ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ተነሡ። የክፍሉ ተጠሪ የሆነች ልጅ እንባዋ መጣ። «ቲቸር፣ እኛ እኮ ከነፋሱ ልናድናቸው ብለን ነው። የኬክ ቤቱ ባለቤትም የድሮ ተማሪያቸው ናት፣ በነጻ ነው የሰጠችን። በየተራ ቀድመን እየመጣን ክፍሉን እናሞቅላቸዋለን» አለች። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው። ሰነፎች ወይም ክፉዎች ቢሆኑ በቀለለኝ፤ ሰድቤአቸው እወጣ ነበር። እነዚህ ግን ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ ከየሰፈራቸው በታክሲ ተጋፍተው፣ ለሚወዱት ሽማግሌ ሞቅ ያለ ክፍል አዘጋጅተው ጠበቋቸው። በሽታውን በእጃቸው ቢጋብዙት እንኳ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ ባልሰጡት።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይነሡ» አልኩ። ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ «አታስቀይሚያቸው፤ ለእኔ ብለው ነው» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት አንዲት ልጅ ሽታ ጠፋኝ አለች። ቀጥሎ ሌሎቹ ማሳል ጀመሩ። ልጆች ናቸው፣ ቤታቸው ተኝተው ተነሡ። ጋሼ ግን ሆስፒታል ገቡ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ጠያቂ አይገባም ነበርና ከባለቤታቸው ጋር አጥሩ ሥር ቆመን ሾርባ በፔርሙስ ለዘበኛ እንሰጣለን፤ ደረሳቸው አልደረሳቸው የሚነግረን የለም። ባለቤታቸው የሆስፒታሉን መስኮቶች እያዩ «ያቺኛዋ ክፍት ናት፤ የሱ ባትሆን» ይሉኛል። ለገና ይወጣሉ ስንል ከገና በፊት ዐረፉ።

ኮሌጁ በአንድ አፍ ተናገረ። ነፋስ ነው የገደላቸው። ደረጃ ላይ፣ መምህራን ክፍል፣ ሮቶው ጋ፤ «ሽማግሌ ሰው በሚስማር በተከፈተ መስኮት ሥር አስቀምጣ!» ምርመራው ኮሮና ነው ብሏል ስላቸው፣ አንዱ መምህር «ነፋሱ በሩን ከፍቶለት ነው እንጂ ኮሮናው በየት ይገባ ነበር?» አለኝ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ማስተርስ ያለው ሰው ነው! ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ መከራው ራሱ መጥቶ ማንንም አልመከረም። ዲኑ ጠርቶኝ «ሠራተኛው ቅር ብሎታል» አለኝና ያንኑ አናጺ አስጠርቶ ሚስማሩን አስነቀለ።

ለቅሶ ለመሄድ ፈራሁ፤ ግን አለመሄድ አይቻልም። ቤታቸው ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ነው። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ውስጥም ሴቶቹ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ስገባ ወሬው ቆመ። በመንገዴ ሁሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። የኬክ ቤቱን ጓዳ፣ ምድጃውን፣ የዚያን ሁሉ ልጅ ትንፋሽ ቁጭ አድርጌ ልናገር ነበር። በቃኝ፣ ማንም ይስማ ማን ልናገር ነበር።

ባለቤታቸው ፍራሹ ላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ራሴን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ፣ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ሰው የሚልሽን ሰምቻለሁ። እኔ አልተቀየምኩሽም። ነፋሱንም የሚያመጣው እግዚአብሔር ነው፤ አንቺ ደግሞ ለእሱ ብለሽ ነው። ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ።»

ቀና ስል ከግድግዳው ሥር የክፍሉን ተጠሪ አየኋት። ጓደኞቿም አጠገቧ ነበሩ። ዓይኗ አብጧል፤ የምናገረውን እንደምታውቅ አወቅኩ። አፌን ብከፍት ይህ ሁሉ ሰው ፊቱን ከእኔ አዙሮ ወደ እነዚያ ልጆች ነበር የሚመልሰው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አልኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ዙሪያውን ያሉት ሴቶች «እሰይ፣ እሰይ» አሉ። ልጅቷ ግን ቀና አላለችም።