ጾሙ ነው እያልኩ

ሌሊት መሥራት የጀመርኩት ልጄ ጡት በጣለችበት ዓመት ነው። ቀን እሷን እያየሁ፣ ሌሊት ሆስፒታል ነርስነቴን እየሠራሁ፣ ሁለቱንም እይዛለሁ ብዬ። አንድ ዓመት ያልኩት አሥራ አንድ ሆነ። ጎንደር ዳር፣ ፀዳ ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን ሰው ለእራት ሲቀመጥ እወጣለሁ፤ ሰው ለሥራ ሲወጣ እገባለሁ። ከዚያ መጋረጃ ጋርጄ እተኛለሁ፣ እንቅልፍ ከተባለ።

መጀመሪያ ያኮረፈኝ ሆዴ ነው። ሳምንት ይደርቃል፣ ከዚያ ሦስት ቀን ያሯሩጠኛል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ይብስበታል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ እህል አይቀመስምና እኛ የሌሊት ነርሶች አምስት ሰዓት ተኩል ሲል የቀዘቀዘ ሽሮውንም ዳቦውንም ድንቹንም ቆመን እንሰለቅጣለን። ከዚያ እስከ ማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም የለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እኔ ተኝቻለሁ፤ ስነሳ መሽቷል። ታካሚ እንዲህ እበላለሁ ቢለኝ እቆጣው ነበር።

ደም ሳይ ኪንታሮት ነው አልኩ። ስከሳ ጾሙ ነው አልኩ። አልደነገጥኩም፤ እውነቱን ለመናገር ምንም አልተሰማኝም። ድካሙ ከበዛ የገዛ ገላም የሌላ ነርስ ታካሚ ይመስላል።

ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ድብ ባሕር ሄድኩ።

«ምነው እንዲህ መነመንሽ?»

«ጾሙ ነው።»

«እግዚአብሔር ይቀበልልሽ» አለች፣ ኮራ ብላ።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እነሱ ሊያልቁ ሲሉ እናቴ ልትጠይቀኝ ጎንደር መጣች። ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሲንዘላዘል አይታ በር ላይ ቀረች።

«ልጄ፣ አሁን እኮ ጾም የለም። ምኑ ነው የሚያከሳሽ?»

በማግሥቱ ለምርመራ ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሙ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በካሜራ አይቶ ትልቁ አንጀቴ ላይ ዕጢ አገኘ፤ ናሙናውም ካንሰር ሆነ። ደሙን ካየሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ሁለት ወር» አልኩት። ዓመት አልፎታል። ስንቱን ታካሚ በዚህ ውሸት ታዝቤዋለሁ።

«የሌሊት ሥራው ነው ያመጣብኝ?» አልኩት።

«ለዓመታት ሌሊት መሥራት አንጀትን ያውካል፣ ለካንሰርም ሊያጋልጥ ይችላል ይባላል። ያንቺን ይህ አመጣው ብዬ ግን መማል አልችልም።»

እሺ አልኩ፣ የሰው ውጤት እንደተነገረኝ ሁሉ።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ኋላ ውጤቱ ሲመጣ ካንሰሩ ከአንጀት አልፎ በዙሪያው ያሉት ንፍፊቶች ጋ ደርሷል ተባለ። እናቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰማች።

«ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮስ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ የታወቀ መልስ አለኝ። ለአስታማሚዎች ሁሉ «ያው ነበር፣ ራሳችሁን አትውቀሱ» እላለሁ፤ ዓይኔን ሳላሽ ስንት ጊዜ ብያለሁ። ለእናቴም ልለው አፌን ከፈትኩ።

«አንጀቱ ላይ እንዳለ ይደረስበት ነበር» አልኳት።

አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፋችና ፊቴን ሳታይ «ልጅቷን ለጊዜው እኔ እወስዳታለሁ» አለች።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ በጣም ፈራሁ።