ያለ ይለፍ ወረቀት የመጣችው ዛጎል

የፀዳለ ባል ሰብስቤ ከአሰብ ነዳጅ የሚያመላልስ የቦቴ ሾፌር ነበር። አዳማ ቤታቸው ውስጥ የመስታወት ገንዳ አሠርቶ፣ በጀሪካን ባመጣው የባሕር ውኃ ሞላውና ሁለት ዓሣና አንድ ድንጋይ ከተተበት። ዓሦቹ ሳይሰነብቱ ሞቱ፤ ድንጋዩ ቀረ።

አንድ ጠዋት ፀዳለ መስታወቱን ስትወለውል፣ ድንጋዩ ላይ አፏን የከፈተች ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል አየች። በጣቷ ነካ ስታደርጋት ክድን አለች።

"ሰብስቤ፣ ይቺን መቼ አመጣሃት?"

"እኔ አላመጣኋትም። ድንጋዩ ላይ ተለጥፋ ነው የመጣችው።" ሳቀ። "እኔ የቀበሌ ይለፍ የሌለው ሰው አልጭንም፤ እሷ ያን ሁሉ ኬላ ሹልክ ብላ አለፈች!"

ጎረቤታቸው ዘርፉ ግን አማተበች። "እኔ ዛጎል ሲጣል እንጂ ሲተነፍስ አላየሁም። ቤቱን የጠንቋይ ቤት አደረጋችሁት እኮ!"

ሰብስቤ በዚያው ሳምንት ወደ አሰብ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። መንገድ ላይ ተኩስ ነበር ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ጠብቂ አላት፤ ጠበቀች። እንባ አልመጣላትም። ሲርባት በላች፤ ሲመሽ ተኛች። የምታስበው ዛጎሏን ብቻ ነበር፤ ሰውዬው እስኪመጣ በሕይወት ማቆየት። የአዳማ ሙቀት ውኃውን እየመጠጠ ሲያጎድለው፣ የባሕር ውኃ ጨዋማ አይደል ብላ፣ ጨው በጥብጣ ትሞላዋለች። ደግሞ ይጎድላል፤ ደግሞ በጥብጣ ትሞላለች።

ዛጎሏ ተከድና ሰነበተች። ከዚያ አንድ ቀን ተከፍታ ተገኘች። ፀዳለ ነካቻት። አልተከደነችም።

በዚያ ቀን የሰብስቤ ባልደረባ መሐመድዘይን መጣ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ።

"እትዬ ፀዳለ፣ መኪናውን አገኘነው። ተቃጥሏል። እሱም… ውስጡ ነበር።"

ፀዳለ ገንዳውን ታያለች።

"ይቺ ምን ሆና ነው የማትከደነው?"

መሐመድዘይን ግራ ገባው። ተነሥቶ ጣቱን ውኃው ውስጥ ነከረና ቀመሰ፤ ፊቱ ተጨማደደ።

"ጨው ይጨምሩበት ነበር እንዴ? ሙቀቱ የሚወስደው ውኃውን ብቻ ነው እኮ፤ ጨው የትም አይሄድም። አሰብም ጨው የሚያወጡት እንደዚሁ ነው።"

"ንጹሕ ውኃ ባደርግላትስ?"

"ሞታለች፣ እትዬ።"

"እሺ" አለች ፀዳለ። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓዳ መራመድ ጀመረች። "ምሳ ሳትበላ እንዳትሄድ። ሽሮ ነው፤ ሥጋ አልነካውም።"