የምራቂ ቃል

የነቀምቴው የማስታወቂያ ጸሐፊ ጨመዳ በባጃጅ ጀርባ ላይ ከመጻፉ በፊት ቃሉን በአፉ ያኝከዋል። አንዱ ድምፅ ሌላውን ካልጠራ ብሩሹን ቀለም አያስነካም። አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። «ቋንቋው የጎረቤት ነው፤ ዜማው ግን የኔ ነው» ይላል።

ከሦስት ዓመት በፊት በላይ የሚባል ወጣት አዲሷን ባጃጁን ይዞ መጣ። ያዘዘው እናቱ እሱን የሚያሞግሱባትን ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ሲሰጥ የማይሳሳ»። አሮጊት ሲያይ ቆሞ በነጻ የሚያሳፍር ልጅ ነበር።

ጨመዳ አኘካትና ጎደለችበት።

«ብቻዋን አንካሳ ናት። ጓደኛ ልስጣት፤ ምራቂ ነው፣ አላስከፍልህም።»

ከላይዋ «ሲሮጥ የማይሰጋ» ብሎ ጻፈ።

ሲሮጥ የማይሰጋ፣ ሲሰጥ የማይሳሳ! ተማሪዎች ባጃጇን ባዩ ቁጥር በዜማ ይጮኹበት ጀመር። በላይም ሐሰተኛ እንዳያደርጋቸው ይመስል ነዳጅ ይሰጣታል። ባለፈው ክረምት፣ በዝናብ፣ ከዲጋ መንገድ ኩርባ ሳይወጣ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያ መስመር ከጨመዳ ጆሮ አልወጣም። ደረጃ ሲወጣ በእርምጃው ልክ ይመጣበታል፤ ፊቱን ሲታጠብ ውሃው ይለዋል።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የበላይ እናት ወይዘሮ ወለቴ ሱቁ ድረስ መጡ።

«አካም ጅርቱ፣ አዮ?» አላቸው በኦሮምኛ፣ እንደ እናቱ ጠርቶ፣ ከወንበሩ ብድግ እያለ።

«ፈያ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ለመቃብሩ ድንጋይ ቃል ጻፍልኝ። ያንኑ የባጃጁን።»

ጨመዳ መሬት መሬቱን አየ። «አዮ፣ የላይኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሱ አላዘዘኝም። ድምፁ ስላማረኝ ነው።»

ወይዘሮ ወለቴ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«አውቃለሁ። ‹እማ፣ የጨመዳን ምራቂ ስሚልኝ› ብሎ አስቆኛል። ስቄአለሁ እኮ፣ ጨመዳ! እንግዲያው የኔን ብቻ ጻፍ።»

የሳቸውን ብቻ ጻፈ። መሃል ላይ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ እጁ ግን ከለመደው ቦታ፣ ከታች አሳረፈው። ከላይ የአንድ መስመር ባዶ ድንጋይ ቀረ።

በሙት ዓመቱ ዕለት ካህናቱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ የበላይ ባልንጀራ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ሊያነብ ቀረበ።

«ሲሮጥ የማይሰጋ፣» አለ፣ ባዶው ድንጋይ ላይ አፍጥጦ።

ድንጋዩ ላይ እንደሌለ ማንም ልብ አላለም። ጨመዳ ቀና ሲል የወይዘሮ ወለቴ ከንፈር አብሮ ሲንቀሳቀስ አየ። እጁን ወደ አፉ ሰደደ፤ አፉ ቀሪውን ሊጨርስ ተከፍቶ ነበር።